የአሞራው ኩላሊት፤ ስለ ደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች እልቂትና ምክንያቱ ስለ ታወቀበት መንገድ

በሰሜን ሕንድ ከአግራ ከተማ በስተ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባራትፑር የሚባል ሥፍራ አለ። ዛሬ ኬኦላዴኦ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው ረግረግ ቀድሞ የባራትፑር ማሃራጃዎች የዳክዬ ማደኛ ነበር። እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን ታላላቅ ሹማምንት እየተጋበዙ ይተኩሱበት ነበርና በየቀኑ ስንት ወፍ እንደተጣለ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይቀመጥ ነበር። ጽሑፉ እስከ ዛሬ ይነበባል። በኖቬምበር 1938 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የሕንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ሊንሊትጎ ከነጓደኞቹ በአንድ ቀን 4,273 ወፍ ገደለ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በዚያው ሥፍራ አንድም ጥይት ሳይተኮስ ሌላ እልቂት ደረሰ። ለዚህኛው ግን ድንጋይ አልተቀረጸለትም፤ ገዳዩም ማን እንደሆነ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆየ።

ዶክተር ቪቡ ፕራካሽ የቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመራማሪ ነበሩ። በ1980ዎቹ በኬኦላዴኦ የአዳኝ ወፎችን ኑሮ ሲያጠኑ ሳለ የጀርባ ነጩን ጥንብ አንሳ ጎጆዎች ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ ቆጥረው ነበር። በ1987 እና በ1988 መካከል በነበረው የመራቢያ ወቅት 353 ጥንዶች መዘገቡ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተመልሰው ሲቆጥሩ ከግማሽ በታች ሆነው አገኟቸው። ያስደነገጣቸው የጎጆው ባዶ መሆን ብቻ አልነበረም። በድኖቹ ከዛፍ ሥር ተጋድመው፣ ከቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይታዩ ነበር። በሕይወት ያሉትም አንገታቸውን ወደ ምድር ደፍተው እንቅልፍ እንዳሸነፈው ዘበኛ ለረጅም ሰዓት ይቀመጡና በመጨረሻ ከተቀመጡበት ይወድቃሉ። በአዲሱ ምዕት ዓመት የመጀመሪያ ዓመታት በኬኦላዴኦ የሚራባ ጥንድ ፈጽሞ ጠፋ።

አንባቢ እዚህ ላይ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ስለ አሞራ የሚጽፍ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ መቼም ሥራ ፈት መሆን አለበት» ሊል ይችላል። እውነቱን ለመናገር ወደዚህ ጉዳይ ያደረሰኝ ለአሞራ ያለኝ ፍቅር አይደለም። መንግሥታት የመድኃኒት ገበያን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ፣ አንዳንዴም እንዴት መቆጣጠር እንደሚያቅታቸው ሳነብ ነው ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘሁት። ከተገናኘሁ በኋላ ግን ልለየው አልቻልኩም። ምርምር፣ ንግድ፣ ሃይማኖትና የመንግሥት ሥልጣን በአንድ ወፍ ኩላሊት ላይ እንዲህ ሲገናኙ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ቋንቋችን ለዚህ ወፍ ስም ሲያወጣለት ሥራውን ነግሮናል። ጥንብ አንሳ ነው፤ ሌላው የሚሸሸውን ያነሣል። በሕንድ የዚህ ሥራ ስፋት ለእኛም ቢሆን ለማሰብ ያስቸግራል። በአገሪቱ ያሉት የቀንድ ከብቶችና ጎሾች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኛው ሕዝብ የላም ሥጋ ስለማይበላና በብዙዎቹ ክፍላተ ሀገር ላም ማረድ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ከብቱ አርጅቶ ነው የሚሞተው። የሞተውን ከብት ከመንደር ውጭ ወደሚጣልበት ሜዳ ይወስዱታል። በመጀመሪያ በኅብረተሰቡ ዘንድ ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ቆዳ ገፋፊዎች ቆዳውን ይገፋሉ፤ ከዚያ ጥንብ አንሳዎቹ ይወርዳሉ፤ በመጨረሻ አጥንት ለቃሚዎች መጥተው አጥንቱን ለማዳበሪያ ፋብሪካ ይሸጣሉ። ከእነዚህ ከሦስቱ ደመወዝ የማይጠይቀው መካከለኛው ነው። ብዛት ያላቸው ወፎች ከወረዱ የአንድ ላም በድን በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ አጥንቱ ብቻ ይቀራል። እስከ 1985 ድረስ ጀርባ ነጩ ጥንብ አንሳ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ አዳኝ ወፎች ሁሉ በብዛቱ አንደኛ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ2007 የተደረገው ቆጠራ በ1992 ከነበረው ከሺሁ አንዱ ብቻ መቅረቱን አሳየ። ረጅም መንቁርና ቀጭን መንቁር የተባሉት ሁለቱ ዘመዶቹም ከመቶ ዘጠና ስድስት በላይ አልቀው ነበር።

ታዲያ ምን ገደላቸው? የመጀመሪያው ግምት ረሀብ ነበር፤ እሱ ወዲያው ወደቀ፤ ከብቱ እንደ ልማዱ ይሞታል፣ በድኑም በየሜዳው ይበሰብሳል። ሁለተኛው ግምት የተባይ ማጥፊያ መርዝ ነበር። ይህ ጥሩ ምክንያት ነበረው። በ1967 እንግሊዛዊው ዴሬክ ራትክሊፍ በየሙዚየሙና በየሰብሳቢው ቤት የተቀመጡ አሮጌ የጭልፊት እንቁላሎችን መዝኖና ለክቶ፣ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የእንቁላሉ ቅርፊት እንደሳሳ አሳይቶ ነበር፤ ተጠያቂውም ዲ.ዲ.ቲ. ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ በ1972 ዲ.ዲ.ቲ.ን ስትከለክል የጭልፊቷ እንቁላል ከማስረጃዎቹ አንዱ ነበረ። ነገር ግን በሕንድ የሚሞቱት ጫጩቶች ብቻ አልነበሩም፤ ጎልማሶቹም ጭምር ናቸው። በበድኖቹም ውስጥ ለመግደል የሚበቃ የተባይ መርዝ አልተገኘም። ስለዚህ አብዛኛዎቹ ሊቃውንት ወደ ሦስተኛው ግምት ዞሩ፤ አዲስ ወረርሽኝ፣ ምናልባትም ስም ያልወጣለት ቫይረስ።

የወረርሽኙ ሐሳብ ማስረጃ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ የአንገቱ መድፋትም፣ ሞቱ ከአገር አገር መዛመቱም ለበሽታ ይመስል ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር እወዳለሁ። ቫይረስ ለሁሉም ወገን የሚመች ጥፋተኛ ነው። ፋብሪካ አያስዘጋም፣ ሚኒስትር አያስጠይቅም፣ ገበሬውንም አያስወቅስም። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ይህን መረጡ አልልም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ለዓመታት ሳይጠየቅ ሲቀር፣ የጥያቄው አለመጠየቅ ለማን እንደሚመች መመልከት የእኛ ትምህርት ግዴታ ነው።

ሌላ ችግርም ነበረ። ቫይረስ ለማግኘት ትኩስ በድን ያስፈልጋል፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ በድን በአንድ ቀን ይበሰብሳል። ናሙናውን ውጭ አገር ወዳሉት ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ለመላክ ሲታሰብ የሕንድ ሕግ አያስኬድም ነበር። ሕንድ የተፈጥሮ ሀብቷ ናሙና ከአገር እንዳይወጣ በጥብቅ ትቆጣጠራለች፤ ፈቃድ ለማግኘትም ከቢሮ ወደ ቢሮ ብዙ መመላለስ ነበረበት። ከውጭ የመጡት ባለሙያዎች ይህን ሕግ ሲያማርሩ ይነበባል። በእኛ በኩል ግን በችኮላ መፍረድ አይገባም። ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞ ላይ የአገልጋዮቹን የፍየል ሥጋ ነጥቆ የሄደውን ትልቅ አሞራ ተኩሶ ከጣለ በኋላ ሥዕሉን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አወጣው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምፅዋ ተነሥቶ በሰሜን ተራራ አድርጎ እስከ ጎንደር ደርሶ ሲመለስ ያጠራቀመው የአራዊትና የአዕዋፍ ቆዳ ፍራንክፈርት ላይ ዘንከንበርግ ከተባለው ሙዚየም ገባ። ባላገሩ ጆፌ አሞራ ከሚላቸው አንዱ፣ በሰሜን ገደል ላይ የሚያድረው፣ በዓለም መዝገብ ውስጥ እስከ ዛሬ «የሩፔል ጥንብ አንሳ» ነው። ከእኛ ወገን ስለ ወፎቻችን ማጥናት የሚፈልግ ሰው ወደ ፍራንክፈርት መሄድ የሚኖርበት ጊዜ እንዳለ ሲታሰብ የሕንዶቹ ሕግ ቅናት ብቻ እንዳልሆነ ይገባል። እንዲያም ሆኖ ወፉ ሕጉ እስኪፈጸም አልጠበቀም። ናሙናውን በአገር ውስጥ ማቆየት ትክክል ነው ከተባለ፣ ናሙናው ሳይበሰብስ የሚመረመርበትን ክፍል፣ መሣሪያና ባለሙያ በየአውራጃው ማዘጋጀት ከዚያው ሕግ ጋር አብሮ መታወጅ ነበረበት። የታወጀው የሕጉ ግማሽ ብቻ ነው።

መልሱ ከድንበሩ ማዶ መጣ። በ2000 ፔሪግሪን ፈንድ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት (በዲ.ዲ.ቲ. የጠፉትን ጭልፊቶች እያራባ ወደ ዱር ለመመለስ በ1970 የተቋቋመ ነው) ከፓኪስታን የአዕዋፍ ማኅበር ጋር ሆኖ በፓኪስታን ፑንጃብ ሥራ ጀመረ። የምርመራው መሪ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ሊንዚ ኦክስ ነበሩ። ሠራተኞቹ በየጥንብ አንሳ ሠፈሩ እየዞሩ እንደ ወደቁ ያገኙአቸውን ወፎች ያነሡ ነበር። ከተመረመሩት 259 ጎልማሳና ወጣት ወፎች ውስጥ በ219ኙ የሆድ ዕቃቸው ሁሉ ኖራ እንደተነሰነሰበት ነጭ ሆኖ ተገኘ። በሰው ላይ ሲሆን ሪህ የምንለው ነው፤ ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ከደም መውጣት ያለበት ዩሪክ አሲድ ሳይወጣ ይቀርና በልብ፣ በጉበትና በኩላሊቱ በራሱ ላይ ይረጋል። እንግዲህ ወፎቹ የሞቱት በኩላሊት መሆኑ ታወቀ። ኩላሊታቸውን የገደለው ምንድን ነው? ቫይረስ ፈለጉ፣ ባክቴሪያ ፈለጉ፣ እርሳስና ሌሎች ማዕድናትን ፈለጉ፣ የተባይ መርዝን ፈለጉ፤ ሁሉም ባዶ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ነው የዚህ ታሪክ ሁሉ ማዕከል የሆነው ጥያቄ የተጠየቀው። ጥያቄው ማይክሮስኮፕ አይፈልግም። ጥንብ አንሳዎቹ የሚበሉት የቤት ከብት ነው፤ ታዲያ ከብቱ ከመሞቱ በፊት ምን ተሰጠው? ሠራተኞቹ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪሞችና ወደ መድኃኒት ሻጮች ሄዱ። ሦስት ባሕርይ ያለው መድኃኒት ነበር የሚፈልጉት፤ ኩላሊትን የሚጎዳ፣ በአፍ ቢወሰድም ወደ ደም የሚገባ፣ ወደ ከብት ሕክምና የገባውም በቅርብ ዓመታት የሆነ። ሦስቱንም አሟልቶ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ዲክሎፌናክ።

ዲክሎፌናክን የማያውቅ የለም፤ ወገቡን ያመመው፣ ጥርሱን ያመመው ሁሉ የሚውጠው የሕመም ማስታገሻ ነው። የተቀመጡት ኩላሊቶች እንደገና ተመረመሩ። በሪህ ከሞቱት 25 ወፎች በሃያ አምስቱም ዲክሎፌናክ ተገኘ፤ በሌላ ምክንያት ከሞቱት 13 ግን በአንዱም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ የተሰጠው ከብት ሥጋ ለወፎች ሲሰጥ እንደ ዱሮቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያው ነጭ ሪህ ሞቱ። ዶክተር ኦክስ ውጤቱን በሜይ 2003 ቡዳፔስት ላይ በተደረገው የአዳኝ ወፎች የዓለም ጉባኤ ገለጹ፤ በ1990ዎቹ ሁሉ ቫይረሱን ሲያሳድዱ የቆዩ ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ጽሑፉ በ2004 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። ዶክተር ኦክስ በ2011 በሞት ተለዩ።

መድኃኒቱ እንዴት ከሰው ወደ ከብት እንደተሻገረ ማየት ለእኛ ተማሪዎች ይጠቅማል። ዲክሎፌናክ ሲባ ጋይጊ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ውጤት ነው። ሕንድ በ1970 ባወጣችው የፓተንት ሕግ የመድኃኒት ኩባንያ በመድኃኒቱ አሠራር ላይ እንጂ በመድኃኒቱ በራሱ ላይ ብቸኛ ባለቤትነት እንዳይኖረው አደረገች። በዚህም ምክንያት የሕንድ ፋብሪካዎች የዓለም ድኾችን መድኃኒት በርካሽ ለማምረት በቁ። ይህ በሦስተኛው ዓለም ተማሪዎች ዘንድ ሁልጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀስ ድል ነው፤ እኔም ድል መሆኑን አልክድም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዲክሎፌናክ ዋጋ ወደቀና ገበሬው በጥቂት ሩፒ እየገዛ እግሯ ላበጠ ላም፣ ጡቷ ለታመመ ጎሽ ያስወጋ ጀመር። ላሟ አትታረድምና ዕድሜዋ ባለቀ ጊዜ ሥቃይዋን ማቅለል ምጽዋት ነው። ስለዚህ በዚህ እልቂት ውስጥ ክፉ ልብ ያለው ሰው ብንፈልግ አናገኝም። ርኅራኄ ነበረ፣ ርካሽ መድኃኒት ነበረ፣ አዲስ ገበያ ያገኘ ነጋዴ ነበረ። ያልነበረው ነገር አንድ ነው፤ ለሰው የተፈተነ መድኃኒት ለከብት ሲፈቀድ «ይህን ከብት ማን ይበላዋል?» ብሎ የሚጠይቅ የመንግሥት ክፍል።

ብዙ ሰው ያላመነው፣ እኔም በመጀመሪያ ያላመንኩት፣ የቁጥሩን ነገር ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት ባለበት አገር ጥቂት የታከመ ከብት ወፉን እንዴት ሊጨርሰው ይችላል? ሒሳቡን በወረቀት እንሥራው። አንድ ጥንብ አንሳ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ቢመገብ በዓመት 120 ጊዜ ያህል ከበድን ላይ ይወርዳል። ከሁለት መቶ በድን አንዱ ብቻ የተመረዘ ቢሆን፣ ወፉ በአንድ ማዕድ የመትረፍ ዕድሉ ከሺህ 995 ነው። ይህ 120 ጊዜ ሲደጋገም ግን ዓመቱን የሚጨርሱት ከመቶ 55 ያህል ብቻ ይሆናሉ። በሕንድ ከ2000 እስከ 2007 በተደረጉት ቆጠራዎች የተለካው የጀርባ ነጩ ጥንብ አንሳ ዓመታዊ ቅነሳ ከመቶ 44 ያህል ነበር። ወፉ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ለመራባትም አምስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚተካበት መንገድ የለውም። የምርመራ ሊቃውንት እንዳሰሉት ከመቶ አንድ የማይሞላ የተመረዘ በድን እልቂቱን ለማስከተል ይበቃል። በ2004 እና በ2005 በሕንድ የተለያዩ ክፍሎች በተሰበሰቡት የከብት በድኖች ላይ በተደረገ ምርመራ ግን ዲክሎፌናክ የተገኘው ከመቶ በአሥሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የቢሮ ታሪክ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ሜሎክሲካም የተባለው ተመሳሳይ ማስታገሻ ወፉን እንደማይጎዳ ተፈትኖ ታወቀ፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006፣ ባንግላዴሽ በ2010 የከብት ዲክሎፌናክን ከለከሉ። ነጋዴው ግን በ30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ «ለሰው» ብሎ የሚሸጠውን አልተወም፤ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው 3 ሚሊ ሊትር ነው፤ ትልቁ ጠርሙስ ለማን እንደተዘጋጀ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። የሕንድ መንግሥት ይህን በር የዘጋው በ2015 ነው፤ መድኃኒት አምራቾች ፍርድ ቤት ከሰው በ2017 ተረቱ። በዚህ መካከል ሌሎች ገዳይ ማስታገሻዎች ቦታውን ያዙ፤ ኬቶፕሮፌንና አሴክሎፌናክ በ2023፣ ኒሜሱላይድ በ2024 መጨረሻ ተከለከሉ። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ዓመት በቅቶ፣ በሩን ለመዝጋት ግን ሃያ ዓመት አልበቃም።

በእነዚህ ዓመታት የከፈለው ወፉ ብቻ አይደለም። በድኑን የሚያነሣው ሲጠፋ ውሻው በዛ፤ በድኑም ወደ ወንዝና ወደ ቦይ ይጣል ጀመር። ኢያል ፍራንክና አናንት ሱዳርሻን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ቀድሞ ጥንብ አንሳ በብዛት ይኖርባቸው የነበሩትን አውራጃዎች ከማይኖርባቸው ጋር አነጻጽረው በ2024 ባወጡት ጥናት፣ ወፉ በጠፋባቸው የሰው ሞት ከመቶ አራት በላይ እንደጨመረና ከ2000 እስከ 2005 በነበሩት ዓመታት ብቻ የግማሽ ሚሊዮን ሰው ሕይወት ተጨማሪ እንደጠፋ ገምተዋል። ይህ በስታቲስቲክስ የተደረሰበት ግምት ነው እንጂ መቃብር ተቆጥሮ አይደለም፤ ያም ሆኖ ግምቱ በእጅጉ ቢቀነስ እንኳ የሚቀረው ቁጥር የሚያስደነግጥ ነው። ሟቾቹም እነማን እንደሆኑ መገመት ይቻላል። በከተማ ዳርቻ በበድን መጣያ አጠገብ የሚኖረው፣ የወንዝ ውኃ የሚጠጣው፣ ውሻ ሲነክሰው የእብድ ውሻ ክትባት የማይደርሰው ነው።

ስለ አንድ ሌላ ወገን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ምናልባት በስደት ያለን ሰዎች ስለሆንን ይሆናል። ፓርሲዎች የዘራዱሽት ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ ከሺህ ዓመት በፊት ከፋርስ ተሰድደው በጉጃራት የባሕር ጠረፍ ያረፉ ሕዝቦች ናቸው። በእምነታቸው እሳትም፣ ምድርም፣ ውኃም በሬሳ መርከስ የለባቸውም። ስለዚህ ሙታናቸውን በቦምቤይ ማላባር ኮረብታ ላይ፣ ዱንገርዋዲ በተባለው የዛፍ ሥፍራ ባሉት ክብ ግንቦች ላይ ለጥንብ አንሳ ይሰጡ ነበር። በእኛ አገር «የአሞራ ሲሳይ ሆነ» ሲባል የቀባሪ ማጣት፣ የመጨረሻው ውርደት ነው፤ ለእነርሱ ግን የሟች የመጨረሻ ልግስና ነው። አሞራው ሲጠፋ ሬሳው በግንቡ ላይ ቀረ። የፀሐይ ጨረር የሚሰበስቡ መስተዋቶች ተተከሉ፤ በዝናብ ወራት ግን ፀሐይ የለም። ከማኅበሩ ውስጥ ብዙ ክርክር ተነሣ፤ አንዳንዶች ሬሳ ማቃጠልን መረጡ፤ በ2015ም ለእነዚህ የሚሆን የጸሎት አዳራሽ በዚያው ከተማ ወርሊ በተባለው ሠፈር ተከፈተ። ሺህ ዓመት በስደት ጠብቀው ያቆዩትን ሥርዓት ንጉሥም ወራሪም ሳይነካው የወገብ ሕመም መድኃኒት አፈረሰው።

እስያ የከለከለችውን በ2013 ስፔን ለከብት ፈቀደች። የአውሮፓ የጥንብ አንሳዎች ዋነኛ መኖሪያ ስፔን ናት። ባለሥልጣናቱ በድን አወጋገዳችን ቁጥጥር አለበት አሉ። በ2020 በካታሎኒያ ተራራ ላይ አንድ ወጣት ጥቁር ጥንብ አንሳ ሞቶ ተገኘ፤ ሲከፈት ያው ነጭ ሪህ፣ ኩላሊቱም ሲመረመር ያው ዲክሎፌናክ ነበር። የሚያስገርመኝ የወፉ ሞት አይደለም፤ ዕውቀቱ በታተመ በዘጠነኛው ዓመት፣ ማንበብ በማይቸግራቸው ቢሮዎች ውስጥ ፈቃዱ መፈረሙ ነው።

በኔፓል ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ፒታውሊ በምትባል መንደር ገበሬዎች ያረጁ ከብቶችን እየገዙ፣ ዲክሎፌናክ እንዳልተሰጣቸው አረጋግጠው፣ በሰላም እስኪሞቱ እያበሉ ያኖሯቸዋል፤ ከብቱ ሲሞት በድኑን ለጥንብ አንሳ ያወጣሉ። ሥራው በ2006 ሲጀመር ስሙን «የጥንብ አንሳ ምግብ ቤት» ብለው ሰየሙት፤ ዛሬም ለጎብኚ መደበቂያ ዳስ ሠርተውለታል። በኔፓል የወፉ ቁጥር ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቀስ በቀስ ማንሠራራት ጀምሯል። ሕንድም በሀርያና ፒንጆር ላይ ማራቢያ አቋቁማለች፤ የተሰየመው በጃታዩ ነው፤ በራማያና ውስጥ ሲታን ከራቫና ለማስጣል ሲዋጋ ክንፉ የተቆረጠው የጥንብ አንሳዎች ንጉሥ ነው። ማራቢያውን ለብዙ ዓመታት የመሩት በኬኦላዴኦ ጎጆ የቆጠሩት ፕራካሽ ናቸው።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ታሪኩ እንዳለ አይገለበጥም፤ ይህን መለየት ያስፈልጋል። በ2016 የወጣ ጥናት ስምንት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዓይነቶች በሦስት አሥርታት በአማካይ ከመቶ 62 እንደቀነሱ ገልጿል። ከተመዘገቡት ሞቶች ከመቶ 61ዱ በመርዝ ነው፤ ይኸውም አርቢው ለጅብና ለአንበሳ በበድን ላይ የሚያደርገው፣ ዝሆን አዳኙም ሆን ብሎ ለአሞራው የሚያኖረው ነው፤ አሞራው በሰማይ ሲዞር የወንጀሉን ሥፍራ ለጠባቂ ያሳያልና። በ2019 በቦትስዋና በተመረዙ የዝሆን በድኖች ላይ ከ530 በላይ ጥንብ አንሳዎች በአንድ ጊዜ ሞቱ። በ2015 የሩፔል ጥንብ አንሳ፣ የአፍሪካው ጀርባ ነጭና በየቄራችን አጥር ላይ የምናውቀው ትንሹ ቆብ ደፊ ሁሉ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ገቡ። ሦስቱም በኢትዮጵያ ይኖራሉ።

ዲክሎፌናክ በአፍሪካ ተመሳሳይ እልቂት አድርሷል የሚል ማስረጃ አላየሁም። ነገር ግን በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ፈተና የአፍሪካው ጀርባ ነጭ እንደ እስያ ዘመዶቹ በዚህ መድኃኒት እንደሚሞት ታውቋል፤ የእኛ ጆፌ አሞራም ከዚሁ ወገን ነው። በከብት ብዛት ደግሞ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ከመንደር ውጭ ለሚጣለው በድን ከአሞራና ከጅብ በስተቀር ሌላ አንሺ የለንም። የፓኪስታኖቹ ሠራተኞች ያደረጉትን ለማድረግ ላቦራቶሪም፣ የውጭ ፈቃድም፣ ፍራንክፈርት መሄድም አያስፈልግም፤ ደብተር ይዞ ከገበያ ገበያ መዞርና የከብት መድኃኒት ሻጩን «ለሕመም ማስታገሻ ምን ትሸጣለህ?» ማለት ይበቃል። በ2007 ታንዛኒያ ውስጥ ይኸው ጥያቄ ተጠይቆ ነበር፤ ዲክሎፌናክ ለከብት ሲሸጥ ተገኘ።